ኪሊማንጃሮን በ5 ቀን? ለአንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ራስ ዳሸን ወጥቼ ከቀላል ራስ ምታት በቀር የገጠመኝ ነገር የለም። አሁን ዱባይ ከምትኖረው እህቴና ከዋሽንግተን ከሚመጣው የአጎቴ ልጅ ጋር በጥር ወር ኪሊማንጃሮን ልንወጣ አስበናል። አስጎብኚው በማራንጉ መንገድ የ5 ቀን ጥቅል አቅርቦልናል፤ የ6 እና የ8 ቀንም አለው፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። የአጎቴ ልጅ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። እኛ ሐበሾች የደጋ ሰዎች ነንና 5 ቀን አይበቃንም? ዳያሞክስ የሚባለው የከፍታ ሕመም መከላከያ ክኒንስ የግድ ነው? ኤቨረስት ላይ ሰው የሚገድለው ነገር እዚህም ያሰጋናል?»

ምላሽ፦

የ5 ቀኑን ጥቅል ይተዉት። ማራንጉን ከመረጣችሁ ትንሹ 6 ቀን ነው፤ ገንዘቡ ከተገኘ ደግሞ ሌሞሾ የሚባለው የ8 ቀኑ መንገድ ይሻላል። የሚያሳስበው የእናንተ ጉልበት አይደለም። የተለመዱት የኪሊማንጃሮ መንገዶች ገመድም የበረዶ መጥረቢያም አይጠይቁም፤ በእግር የሚሄዱባቸው ናቸው። ብዙ ብርቱ ሰው ቶሎ ወጥቶ ታሞ የሚወርደውም በዚሁ የተነሳ ነው። ሰውን የሚጥለው ሰውነቱ ሳይለምደው ያደረበት ከፍታ ነው።

ሒሳቡን እንየው። የማራንጉ መግቢያ በር 1,870 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ማንዳራ 2,720 ሜትር ላይ፣ ሁለተኛውን ሆሮምቦ 3,720 ላይ፣ ሦስተኛውን ኪቦ 4,720 ላይ ታሳልፋላችሁ። ኪቦ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ሙሉ አይደለም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀስቅሳችሁ ወደ 5,895 ሜትሩ ኡሁሩ ጫፍ ጉዞ ትጀምራላችሁ። የከፍታ ሕክምና ባለሙያዎች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየ3 ወይም በየ4 ቀኑም ሳይጨምሩ አንድ ሌሊት እንዲደግሙ ነው። የ5 ቀኑ ጥቅል በተከታታይ ሁለት ሌሊት በ1,000፣ በ1,000 ሜትር ይዘላል። የ6 ቀኑ ሆሮምቦ ላይ አንድ ሌሊት ይጨምራል፤ በመሃል ያለውን ቀን የተራራው ሁለተኛ ጫፍ ወደሆነው ማዌንዚ አቅጣጫ እስከ 4,000 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ሆሮምቦ ታድራላችሁ። ይህም ምክሩን ሙሉ በሙሉ አያሟላም፤ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሌሞሾ ላይ ከ3,500 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ከፍታ አራት ሌሊት ያህል ታሳልፋላችሁ፤ በመሃል ላቫ ታወር የሚባለው ዐለት ዘንድ 4,600 ሜትር ላይ ምሳ በልታችሁ ባራንኮ ሰፈር 3,960 ላይ ትተኛላችሁ። ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር ማለት ይህ ነው፤ ለተጨማሪው ቀን የምትከፍሉትም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ራስ ዳሸን እንመለስ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። በሰሜን ተራሮች ጉዞ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ይታደራል። ከዚያ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ አምቢቆ 3,200 ሜትር ይወረዳል። 4,550 ሜትር ገደማ የሆነው የራስ ዳሸን ጫፍ የሚነካው በቀን ነው፤ ሰው ጥቂት ቆሞ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ስለዚህ ሰውነትዎ አድሮበት የሚያውቀው ከፍታ 3,620 ነው። ኪቦ መኝታው ራሱ ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ ነው። ራስ ዳሸን ላይ የተሰማዎትን ቀላል ራስ ምታትም አይናቁት፤ ሌሊቱን እዚያው ቢያሳልፉ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አልተፈተነም።

«የደጋ ሰው ነን» የሚለው ነገር ከፊል እውነት አለው። በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ የአማራ ደገኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠንም ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። ያ ግን እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እርስዎ 2,355 ሜትር ላይ ኖረዋል፤ ይህ ማንዳራንና ምናልባትም ሆሮምቦን ያቀልልዎታል፣ ኪቦን አይሸፍንም። እህትዎ አዲስ አበባ ብትወለድም ሰውነቷ አሁን የዱባይ ነው፤ ከፍታን መልመድ ከደጋ ከወረዱ በኋላ በቀናትና በሳምንታት ይጠፋል። ፓስፖርቱ ያው ሆኖ ሦስታችሁም ተራራው ሥር የምትደርሱት በተለያየ ዝግጁነት ነው፤ የቡድኑ ፍጥነት መለካት ያለበት በእሷና በአጎትዎ ልጅ እንጂ በእርስዎ አይደለም።

ቀናት ለምን እንደሚያስፈልጉ ለማወቅ ሰውነት የሚሠራውን ማየት ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ዱባይም ኪቦም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ፣ ኡሁሩ ላይ ግማሽ ያህል ይሆናል። አንድ ትንፋሽ ይዞ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት መጀመሪያ የሚያደርገው ትንፋሽ ማብዛት ነው። ብዙ ሲተነፈስ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ይወጣል፣ ደሙ ወደ አልካሊነት ያደላል፣ ያ ደግሞ መልሶ ትንፋሽን ይገታል። ይህን ፍሬን የሚያላቅቁት ኩላሊቶች ናቸው፤ ደሙን ወደ አልካሊነት የሚያደላውን ትርፍ ባይካርቦኔት በሽንት ሲያስወግዱ ትንፋሽ እንደገና መጨመር ይችላል። ኩላሊት ይህን ለመጨረስ ቀናት ይወስድበታል፣ አይቸኩልም። ቀይ የደም ሴል በበቂ መጠን መጨመርማ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለኪሊማንጃሮ ጉዞ አይደርስም። ማራቶን የሚሮጥ ሰውም ከዚህ ሕግ አይወጣም፤ እንዲያውም ጉልበቱ ቶሎ ስለሚያደርሰው ከሌላው ቀድሞ ሲታመም ይታያል።

የዚሁ የትንፋሽ ግፊያና ግታት ውጤት ሌሊት ላይ ይታያል። የተኛ ሰው ትንፋሹ እየፈጠነ ሄዶ ድንገት ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በትልቅ ትንፋሽ ብድግ ይላል። አጠገብ ያለውን ሰው ያስደነግጣል እንጂ ብቻውን በሽታ አይደለም። የእንቅልፍ ክኒንና አልኮል ግን ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ እስክትወርዱ ድረስ አይነኩ።

በሽታው ራሱ ሦስት መልክ አለው። ተራው የከፍታ ሕመም ራስ ምታት ሲሆን ከእሱ ጋር ማቅለሽለሽ ወይም ምግብ መጥላት፣ ድካም፣ መፍዘዝ ይመጣል። እነዚህን አራቱን እያንዳንዳቸውን ከ0 (የለም) እስከ 3 (ከባድ) ነጥብ ስጧቸው፤ ራስ ምታት ኖሮ ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የከፍታ ሕመም ነው። ጠዋትና ማታ ሦስታችሁም ነጥባችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ መሪው ይስማው። ሰው ጉዞው እንዳይቀርበት ብሎ ሕመሙን ይደብቃልና «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ ዋጋ የለውም። ድምሩ 3 ከሆነ ከፍ ብሎ አይታደርም፤ እዚያው ውሃ፣ ዕረፍትና የራስ ምታት ክኒን ተወስዶ ይጠበቃል። ከተሻለ ጉዞው ይቀጥላል፣ ከባሰ ይወረዳል።

ሁለተኛው የአንጎል እብጠት ነው። ምልክቱ የራስ ምታቱ ክብደት አይደለም፤ ሚዛን መሳትና ግራ መጋባት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሠምሮ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኙ 10 እርምጃ መሄድ፣ ዞሮ መመለስ። የሚንገዳገድ፣ እጁን ዘርግቶ ሚዛን የሚፈልግ ወይም ከመስመሩ የሚወጣ ሰው አንጎሉ እንዳበጠ ተቆጥሮ ይወርዳል። ሦስታችሁም ቤታችሁ ሳላችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ በደህናው ቀንም የሚንገዳገድ ሰው አለና ማነጻጸሪያ ይሆናል። ኪቦ ላይ ፈተናውን የሚወስዱት ከእራት በኋላ ከመተኛታችሁ በፊት ነው፤ ከእንቅልፍ ተነስታችሁ ስትወጡም ይደገም። የሚዘላብድ፣ ጓንቱን የት እንዳስቀመጠ የማያስታውስ፣ ያለምክንያት የሚቆጣ ሰው ካለ ፈተናውን ሳይጠብቁ ማውረድ ነው።

ሦስተኛው ሳንባ ውሃ መቋጠሩ ነው፤ በከፍታ ሕመም ከሚሞቱት አብዛኛዎቹን የሚገድለው ይሄኛው ነው። ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ አጠባበባቸው ግን እኩል አይደለም። ባልጠበቡት በኩል ደሙ በኃይል ይገፋል፣ ውሃውም ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ብርድና ከባድ ድካም ግፊቱን ይጨምራሉ። ብዙውን ጊዜ ከፍታ ላይ ከደረሱ በ2ኛው ሌሊት ወይም ከዚያ በኋላ ይጀምራል፤ ራስ ምታት ላይኖረውም ይችላል፣ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ኪሊማንጃሮ ላይ አቧራና ደረቅ አየር ጤነኛውን ሁሉ ያስለዋልና ሳል ብቻውን አያስደንግጣችሁ። የሚያስደነግጠው ቁጭ ብሎ 15 ደቂቃ ካረፈ በኋላም የሚያለከልክ ሰው፣ ትናንት ከፊት እየሄደ ዛሬ ከሁሉ ወደ ኋላ የቀረ ሰው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ደረቱ የሚንተከተክ ሰው ነው። ሮዝ አረፋ ያለው አክታ ከታየ ጊዜው እየመሸ ነው።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። ሌሊትም ቢሆን፣ ቢዘንብም፣ ጫፉ አንድ ሰዓት ቢቀረውም። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ አብዛኛውን ሰው ያድናል፤ ከኪቦ ሆሮምቦ ልክ 1,000 ሜትር ነው። ታማሚው ብቻውን አይላክም። እስከዚያ ኦክስጅን በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ሊትር ይሰጠዋል። የአንጎል እብጠት ሲሆን ዴክሳሜታዞን 8 ሚሊግራም ወዲያው፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 4 ሚሊግራም፤ ሳንባው ውሃ ሲቋጥርና ኦክስጅን ከሌለ በዝግታ የሚለቀቀው ኒፌዲፒን 30 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ። እነዚህን ሁለቱን ለመከላከያ ብላችሁ አትውሰዱ፤ በተለይ በዴክሳሜታዞን ተደግፎ መውጣት ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ሰውነትን አያለማምድም፣ ክኒኑ ያለቀ ቀን ሕመሙ በአንዴ ይወጣል።

ዳያሞክስ ተብሎ የሚሸጠው አሴታዞላማይድ ከዚህ ይለያል። ሕመም አይሸፍንም፤ ኩላሊት ባይካርቦኔት እንዲያስወግድ ስለሚገፋ የመላመዱን ሥራ ያፋጥናል። ለመከላከያ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣታችሁ አንድ ቀን ቀድሞ ተጀምሮ መውረድ እስክትጀምሩ ድረስ ነው። ከታመማችሁ በኋላ ከሆነ 250 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ። ባለ250 ክኒኑን ለሁለት ከሰበራችሁት ለ6 ቀኑ ጉዞ ከመጠባበቂያው ጋር ለአንድ ሰው 10 ክኒን ይበቃል። ጣት መንዘር፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣትና የለስላሳ ጣዕም መበላሸት የተለመዱ ናቸው፤ አያስደነግጡም። ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ ለሁለት ቀን ሞክሩት፤ የማይስማማው ሰው ይህን ማወቅ ያለበት ሆሮምቦ ላይ አይደለም። በ6 ቀኑ ማራንጉ ከሆነ ሦስታችሁም ብትወስዱት ይመከራል፤ በ8 ቀኑ ለእህትዎና ለአጎትዎ ልጅ፣ ለእርስዎ ግን እንደ ምርጫዎ።

ስለ አጎትዎ ልጅ፦ በመድኃኒት በደንብ የተያዘ የደም ግፊት ብቻውን ከተራራ አይከለክልም። ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳያቋርጥ። ለሐኪሙ ግን ሁለት ነገር ይንገር። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ አሴታዞላማይድም ያንኑ ስለሚያደርግ ውሃና ፖታሲየም ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ለራስ ምታት ሁሉም የሚያቀብለው አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራል፣ ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲሆንም ኩላሊትን ይጎዳል፤ ለእሱ ፓራሲታሞል ይሻለዋል። ግፊቱ በቅርቡ የተገኘ ወይም ገና ያልተስተካከለ ከሆነ፣ ወይም የልብ ችግር ካለው፣ ጉዞው ለሌላ ዓመት ይደር።

ገንዘብ ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ ከተራራው ላይ ቀን ከመቀነስ የተሻለ ዘዴ አለ፤ እህትዎና የአጎትዎ ልጅ ከሳምንት በላይ ቀድመው አዲስ አበባ ይግቡ። ሁለትና ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ቆይታችሁ ወደ ደባርቅ ሂዱና ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ እደሩ፤ ቀን ቧሂት 4,430 ሜትር ደርሳችሁ ተመለሱ። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ታንዛኒያ። የተገኘው መላመድ ለጥቂት ቀናት ይቆያልና በመሃል ሳምንት ሙሉ ተራራው ሥር ባለችው ሞሺ ከተማ ወይም ዛንዚባር ብትቀመጡ ያባክናል፤ የባሕር ዳርቻው ዕረፍት ከተራራው በኋላ ይሁን። ታንዛኒያ ደርሶ መለማመድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አሩሻ አጠገብ ያለውን 4,566 ሜትሩን ሜሩ ተራራ አስቀድሞ ይወጣል።

የመጨረሻው ሌሊት ከሁሉም ይለያል። በማራንጉ መንገድ ከኪቦ የሚነሱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ጨለማውን የሚመርጡት ለውበት አይደለም፤ ቁልቁለቱን የሸፈነው ልል ጠጠር ሌሊት በብርድ ይጠነክራል፣ ጠዋት ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ለመውረድም ሙሉ ቀን ይተርፋል። ፀሐይ ሲሞቀው ያ ጠጠር የጤፍ ክምር ላይ እንደመውጣት ነው፤ ሁለት ስትራመዱ አንድ ይመልሳችኋል። የእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ እስከሚደረስበት ጊልማንስ ፖይንት፣ 5,685 ሜትር፣ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ እስከ ኡሁሩ በአፋፉ ጠርዝ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት። አካሄዱ የሚለካው በንግግር ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። የኋላውን ጉልበት ቀጥ አድርጋችሁ ክብደታችሁን አጥንት ላይ አሳርፉ፣ አንድ ትንፋሽ ውሰዱ፣ ከዚያ ቀጣዩን እርምጃ። ዕረፍት ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከቆማችሁ ላቡ ይቀዘቅዝና መሞቅ አይቻልም።

ብርዱ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ ነፋስም አለ። ከሥጋ የሚነካው ልብስ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቀር ቲሸርት፣ ጂንስና የጥጥ ካልሲ ሻንጣው ውስጥ ይቅሩ። ጋቢ መኝታ ላይ ተጨማሪ ሙቀት ነው፤ ለመንገድ ግን እሱም ጥጥ ነው፣ ከረጠበም ይከብዳል። ከላይ ሙቀት የሚይዝ ሹራብ፣ በላዩ የላባ ጃኬት፣ በላዩ ነፋስና ውሃ የማያስገባ። ከሰልባጅ ገበያ ጥሩ ጃኬትና ሹራብ ይገኛል፣ የመኝታ ከረጢትና ዱላም ሞሺ ይከራያል፤ ጫማ ግን የተከራየ ወይም አዲስ አይሁን። ቢያንስ ለአንድ ወር እንጦጦ ወጥታችሁ ወርዳችሁ የለመዳችሁት ይሁን፤ ቁልቁል ስትወርዱ የትልቁ ጣት ጥፍር የጫማውን ጫፍ የሚነካ ከሆነ በግማሽ ቁጥር ቀይሩት። ለእጅ ቀጭን ጓንት ከውስጥ፣ አራቱን ጣት በአንድ ላይ የሚይዝ ወፍራም ጓንት ከውጭ።

የውሃ ጠርሙስ በረዶ የሚሠራው ከላይ ነውና ገልብጣችሁ ያዙት፤ ሲያቀኑት አፉ ክፍት ሆኖ ይገኛል። በቱቦ የሚጠጣው ከረጢት ያን ሌሊት ቱቦው ይደፈናል፣ አትመኩበት። የራስ ባትሪ መብራት መለዋወጫ ድንጋይና ስልክ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይሁኑ፤ ብርድ ባትሪ ይገድላል። ጣቱ ነጭ ሆኖ የደነዘዘ ሰው ብብቱ ውስጥ ያስገባው፣ አይሹት፣ በረዶም አይነካው። መነጽር ለጠዋት የግድ ነው፤ በረዶ ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ዓይንን ያቃጥላል፣ ሕመሙ የሚመጣው ማታ ነው።

ውሃ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር፤ ሽንት ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ማስገደድ የደም ጨው ያቀጥናል። ምግብ ቢያስጠላም ብሉ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ ሌሊት ከቸኮሌት ይሻላሉ፤ ቸኮሌቱ ድንጋይ ይሆናል። የጾም ምግብ በራሱ ችግር የለውም፤ ለአስጎብኚው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ጾመ ነነዌ ጉዞው ላይ ከዋለ ግን ውሃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት መሄድ አይሞከርም፤ የሚጾም ሰው ከመነሳቱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርሰው። ቡናም እንዳይረሳ። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ራሱን ያመዋል፣ ያ ሕመም የከፍታ ሕመም ይመስልና መሪውንም ያሳስታል። እንደለመዳችሁት ጠጡ።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። 4,700 ሜትር ላይ ጤነኛ ሰው ከ75 እስከ 85 በመቶ ማሳየቱ የተለመደ ነው። ቀዝቃዛ ጣት፣ የጥፍር ቀለምና ሂና ቁጥሩን ያዛባሉ፤ እህትዎ አንድ ጥፍር ባዶ ትተው። ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየውን ማየት ይቀድማል፤ 80 ሆኖ የሚቀልድና 84 ሆኖ የሚንገዳገድ ካለ የሚወርደው ሁለተኛው ነው።

ኤቨረስትን በተመለከተ፦ 8,849 ሜትር ላይ ግፊቱ የባሕር ጠለሉ አንድ ሦስተኛ ነው። ከ8,000 ሜትር በላይ ያሉት 14 ተራሮች ጫፋቸው ማንም የማይለምደው ከፍታ ነው፤ ሰውነት እዚያ በየሰዓቱ ይደክማል እንጂ አይሻሻልም። እ.ኤ.አ. በ1978 ተራራ ወጪዎቹ ሜስነርና ሀበለር ያለ ጠርሙስ ኦክስጅን ኤቨረስት ጫፍ መድረሳቸው የሚደነቀው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ መሬቱ ራሱ ይገድላል። ሚያዝያ 2006 (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2014) በኤቨረስት መውጫ ባለው ኩምቡ የበረዶ ፏፏቴ ላይ የወረደው ናዳ 16 የኔፓል ሠራተኞችን ገደለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ሁለተኛው ረጅም ተራራ በሆነው ኬ2 ላይ የበረዶ ግንብ ተንዶ ቋሚውን ገመድ በመበጠሱ በጀመረው አደጋ 11 ሰው ሞተ። ማራንጉና ሌሞሾ ላይ ይህ የለም። ኪሊማንጃሮ ላይ የድንጋይ ናዳ የሚያሰጋው ዌስተርን ብሪች የሚባለው መውጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ሦስት ሰው እዚያ ሞቷል። አስጎብኚው «አሪፍ መንገድ» ብሎ ቢያቀርበው እንቢ በሉ።

ኪሊማንጃሮ ከኤቨረስት ጋር የሚጋራው ግን አንድ ነገር አለ፤ የመመለሻ ሰዓትን መጣስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 ኤቨረስት ላይ 8 ሰው በአንድ ማዕበል ሲሞት ብዙዎቹ ወደ ኋላ መመለስ ከነበረባቸው ሰዓት አሳልፈው ነበር። እናንተም ሰዓታችሁን ሆሮምቦ ላይ፣ ጭንቅላታችሁ ሳይደክም፣ ወስኑ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተነስታችሁ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ጊልማንስ ፖይንት ያልደረሰ ሰው ይመለስ። ስትስማሙ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጥሩ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው መሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው፣ እንግሊዝኛ ሲናገር ግን ይቀይረዋል።

ለአስጎብኚው ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት ይህ ነው፦ ለሦስት ሰው ስንት መሪ ይመደባል? ከሁለት ያነሰ ከሆነ አንዱ ሲታመም ወይ ሁላችሁም ትወርዳላችሁ ወይ ታማሚው ያለ መሪ ይቀራል። ኦክስጅኑ ስንት ሊትር ነው፣ ጫፉ ድረስ ማን ይሸከመዋል ወይስ ኪቦ ይቀራል? ጫፍ ያልደረሰ ኦክስጅን ለዚያ ሌሊት የለም ማለት ነው። ሄሊኮፕተርን ዕቅድ አታድርጉት፤ በሌሊትና በጉም አይመጣም፤ ያን ጊዜ የሚያወርደው ባለ አንድ ጎማ ቃሬዛና የሰው ትከሻ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ እስከ 6,000 ሜትር በእግር መውጣትን የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ከዚያ በታች ያቆማሉ።

በመጨረሻም የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ወደ ታንዛኒያ ሲገባ ይጠየቃል። ከተራራው በታች ያለው ሞሺ ዘጠኝ መቶ ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለው፣ ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ የመከላከያውን ክኒን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ሰው የተራራው ድካም ነው ብሎ አይተኛ፤ በተለይ ዱባይና ዋሽንግተን ያለ ሐኪም ወባን ቶሎ ላያስብ ስለሚችል ታንዛኒያ እንደነበራችሁ ንገሩትና በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይደረግ።